ዋናውን ማን ቆጠረው? ስለ ባሕር ድልድልና ስለ ባሕር ሒሳብ

እንደምን አመሻችሁ።

በአንድ ዓሣ ታሪክ ልጀምር። ዓሣው ኮድ ይባላል። በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ወጣ ብሎ ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ለዘመናት ሲጠመድ ኖሯል። በ1968 በአንድ ዓመት ብቻ ከ800 ሺህ ቶን በላይ ወጣ። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ደጋግሜ እንዳላሰለቻችሁ ነው።) አብዛኛውን የወሰዱት ከሩቅ አገር የመጡ ግዙፍ መርከቦች ነበሩ። ዓሣውን እዚያው ባሕር ላይ እየቆራረጡ፣ እያቀዘቀዙ ይጭኑት ነበር።

በ1977 ካናዳ መስመር አሰመረች። ከጠረፌ እስከ 200 ኖቲካል ማይል ያለው ዓሣ የእኔ ነው አለች። 370 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የውጭ መርከቦች በብዛት ወጡ። እፎይ ተባለ። ከዚያ የራሷ መርከቦች ቦታውን ያዙ፣ ማቀነባበሪያዎች ተስፋፉ፣ ገንዘብ ፈሰሰ። 15 ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ፈጀ። በሐምሌ 1992 መንግሥት ማጥመዱን ከለከለ። 30 ሺህ ገደማ ሰው እንጀራው ተዘጋ።

መስመር ነበረ። ቆጠራም ነበረ። ይህ ነው የሚገርመኝ። ባለሙያዎቹ በየዓመቱ ባሕሩ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ይገምቱ ነበር። ግምቱ ግን በከፊል የተደገፈው በትልልቆቹ መርከቦች መረብ ላይ ነው። አንድ መርከብ በሰዓት ስንት ያወጣል? ብዙ ካወጣ ዓሣው ብዙ ነው ማለት ነው፣ ተባለ። ኮድ ግን ቁጥሩ ሲመነምን አንድ ቦታ ላይ ይሰባሰባል። መርከቦቹ ደግሞ በድምፅ ሞገድ ዓሣ የሚፈልግ መሣሪያቸውን በየዓመቱ ያሻሽላሉ። ስለዚህ ከባሕሩ ዓሣው እያለቀ፣ መረቡ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ጠረፍ ዳር በትንንሽ ጀልባ የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው አነሰ፣ ቀጠነ እያሉ ይጮኹ ነበር። የሰማቸው አልነበረም። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ዓሣው ተመለሰ ወይ? እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የዛሬው ርዕሴ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ባሕርን መደልደል ነው፤ የትኛው ቦታ ለምን ይዋል የሚለው። ሌላው የባሕርን ሀብት በመዝገብ መያዝ ነው፤ ምን ያህል አለ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ቀረ የሚለው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ በተለያየ ቢሮ፣ በተለያየ ሰው፣ አንዳንዴም በማይነጋገሩ ሰዎች ነው የሚሠሩት። ካርታ የሚስለው ሒሳብ አያውቅም። ሒሳብ የሚይዘው ካርታውን አላየውም። የእኔ ነገር ይህቺው ናት፦ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ ባይሠሩም ይሻላል ልል ምንም አይቀረኝ።

ከሒሳቡ ልጀምር፤ ሰው የሚሸሸው እሱን ስለሆነ።

ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ዋና አለ፣ ትርፍ አለ። ትርፉን ትበላለህ፣ ዋናውን አትነካም። ዋናውን እየበላ ያለ ነጋዴ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይመስላል። እንዲያውም ከጎረቤቱ የተሻለ ይለብሳል። ዕቃው ግን መደርደሪያው ላይ እየሳሳ ነው። አንድ ቀን ሱቁን ከፍቶ የሚሸጠው ያጣል።

የአገር ኢኮኖሚ የሚለካበት ጂዲፒ ይህን አይለይም። አንድ መቶ ቶን ዓሣ ከባሕር ቢወጣ፣ ከተራባው ላይ ይውጣ ከዘሩ ላይ፣ ለጂዲፒ ያው ነው። ይባስ ብሎ ጥፋትም ገቢ ይሆናል። በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ጠረፍ ላይ ከዐለት ተጋጭታ ነዳጅ ስታፈስ፣ ለጽዳቱ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ለጽዳት የተከፈለው ደሞዝና ኪራይ ሁሉ በኢኮኖሚው እንቅስቃሴ ውስጥ ተደምሯል። የሞቱት ወፎችና የባሕር እንስሳት ግን የትም አልተቀነሱም።

አሁን አንድ መዝገብ አብረን እንክፈት። ሰሌዳ የለኝምና በጣታችሁ ተከተሉኝ። ምናባዊ የባሕር ሰላጤ ነው፤ ቁጥሮቹን ለማስረጃ ሳይሆን ለመማሪያ ነው የፈጠርኳቸው።

በዓመቱ መጀመሪያ ሰላጤው ውስጥ 10,000 ቶን ዓሣ አለ። በዓመቱ ውስጥ የተወለደውና የደለበው ተደምሮ፣ በበሽታና በእርጅና የሞተው ተቀንሶ፣ 1,500 ቶን ይጨምራል። አጥማጆች 2,000 ቶን ያወጣሉ። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ቀረ? 9,500። አምስት መቶ ቶን ከዋናው ተበላ። እስካሁን ገንዘብ የሚባል ነገር አላነሳሁም። ይህቺን አራት መስመር እንኳ በቅጡ የሞላ አገር ብዙ ርቀት ሄዷል።

ገንዘቡን እንጨምርበት። ቶኑ በ100 ይሸጥ፤ የየትኛው አገር ገንዘብ እንደሆነ አያሳስበን። ሽያጩ 200,000 ይሆናል። ነዳጁ፣ ደሞዙ፣ መረቡ፣ የጀልባው እርጅና፣ ባለሀብቱ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ሊያገኝ የሚችለው ተራ ትርፍ ሁሉ ተደምሮ 140,000 ነው እንበል። የቀረው 60,000 ነው። ይህ ገንዘብ የማንም ላብ አይደለም። ባሕሩ ራሱ የሰጠው ነው። ኢኮኖሚስቶች የሀብት ኪራይ ይሉታል። በቶን ሲካፈል 30 ይመጣል። ከዋናው የተበላው 500 ቶን በ30 ሲባዛ 15,000። ስለዚህ ከ60,000ው ውስጥ በእርግጥ ገቢ የሚባለው 45,000 ብቻ ነው። ቀሪው ከመደርደሪያ የወረደ ዕቃ ነው።

እርግጥ እዚህ ላይ ሒሳቡን አቅልዬዋለሁ። ትክክለኛው አሠራር ዓሣው ወደፊት ለብዙ ዓመት የሚሰጠውን ኪራይ ገምቶ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ ነው። ሐሳቡ ግን አይለወጥም።

ይህን ዓይነት መዝገብ የሚይዙበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2012 የአካባቢና የኢኮኖሚ ሒሳብን ማዕቀፍ አጸደቀ፤ በ2021 ደግሞ የሥነ ምህዳር ሒሳብን ጨመረበት። በ2025 ከዚህ የሚበልጥ ነገር ሆነ። ዋናው የብሔራዊ ሒሳብ ደንብ ራሱ ተከለሰ። በፊት የተጣራውን የአገር ውስጥ ምርት ለማግኘት ከጂዲፒ ላይ የጀልባው እርጅና ሲቀነስ፣ የዓሣው መመናመን አይቀነስም ነበር። ጀልባዋ ታረጃለች፣ ባሕሩ አያረጅም የተባለ ያህል ነው። በአዲሱ ደንብ የተፈጥሮ ሀብት መመናመን እንደ ማምረቻ ወጪ ይቀነሳል። አገሮች ይህን ሥራ ላይ ለማዋል ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ቢሆንም በወረቀት ደረጃ ክርክሩ አልቋል።

ወደ ድልድሉ ልለፍ።

የብስ ላይ መሬት መደልደል ቀላል ነው አልልም፤ ግን ቢያንስ መሬቱ ባለበት ይቆማል። እዚህ ፋብሪካ፣ እዚያ መኖሪያ፣ ወዲያ መናፈሻ። ባሕር ግን ፎቅ አለው። ከላይ መርከብ ይሄዳል። ከሥሩ ዓሣ ይዋኛል። ወለሉ ላይ የኢንተርኔት ገመድ ተዘርግቷል። ከወለሉ በታች ጋዝ አለ። አራቱም አንድ ነጥብ ላይ ናቸው። ደግሞ ጊዜ አለ። ለዓሣ መራቢያ የሚሆን ቦታ በዓመት ውስጥ ለሁለት ወር ብቻ ይፈለግ ይሆናል፤ በቀረው ጊዜ መርከብ ቢያልፍበት ማንንም አይጎዳም። ስለዚህ ባሕር ላይ ድልድል ሲባል የት ብቻ አይደለም፤ በየትኛው ጥልቀት፣ በየትኛው ወር የሚለውም ነው።

መጨናነቁ ምን እንደሚመስል ለማየት ቤልጅግን ተመልከቱ። የባሕር ጠረፏ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሕር ድርሻዋ ወደ 3,450 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች ጠባብ ውኃ ላይ በዓለም ከተጨናነቁት የመርከብ መንገዶች አንዱ ያልፋል፣ አሸዋ ይወጣል፣ ዓሣ ይጠመዳል፣ ገመድ ይዘረጋል፣ የባሕር ኃይል ይለማመዳል። በ2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ 399 የንፋስ ተርባይኖች ቆመውበት ነበር። ቤልጅግ ሕጋዊ አስገዳጅነት ያለው የባሕር ድልድል በ2014 ያወጣችው አማራጭ ስላልነበራት ነው። አገሮች በብዛት የሚነቁት እንዲህ ሲጠባቸው ነው። ሰፊ ባሕር ያለው ይዘገያል።

አሁን የምነግራችሁን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ቦስተን ከተማ ወደብ የሚገቡ መርከቦች የሚሄዱበት መስመር አለ። መስመሩ ስቴልዋገን ባንክ የሚባል ጥብቅ የባሕር ክልል ያቋርጣል። እዚያ ዓሣ ነባሪዎች ይመጣሉ፤ ከመርከብ ጋር ይጋጫሉ፣ ይሞታሉ። ከእነሱ መካከል በዓለም ላይ ጥቂት መቶ ብቻ የቀሩ አሉ። ታዲያ ምን ይደረግ? ወደቡ ይዘጋ?

አንድ ሰው ወደ መዝገቡ ሄደ። በአካባቢው ዓሣ ነባሪ የታየበት ቦታ ለ25 ዓመት ያህል ተመዝግቦ ቆይቷል። ነጥቦቹ ካርታ ላይ ሲቀመጡ አንድ ነገር ታየ። ዓሣ ነባሪዎቹ የሚሰበሰቡት ወለሉ አሸዋ በሆነበት ነው። ምክንያቱም የሚበሏት ቀጭን ትንሽ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ትቀበራለች። ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን ወለሉ ጭቃ ነው፤ ዓሣ ነባሪ እምብዛም አይታይም። መፍትሔው መስመሩን በ12 ዲግሪ ማዞር ሆነ። በ2007 ተደረገ። መርከቦቹ የሚሄዱት ርቀት ወደ 4 ኖቲካል ማይል ገደማ ረዘመ፤ በጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ከትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ጋር የመጋጨት ዕድሉ በ81 በመቶ እንደሚቀንስ ተሰላ።

ልብ በሉ። ወደቡ አልተዘጋም፣ ማንም ከሥራ አልተባረረም። ይህን ያደረገው የ25 ዓመት ማስታወሻ ነው። በየቀኑ ጀልባ ላይ ወጥተው፣ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ አንድ ዓሣ ነባሪ አየን ብለው የጻፉ ሰዎች ለዚህ ይጠቅማል ብለው አልነበረም።

ግን ማስታወሻው የማያውቀው ነገርም አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዛሬ የባሕር ድልድል የሚሠሩ ቡድኖች መጀመሪያ የሚያወርዱት የመርከብ እንቅስቃሴ ካርታ ነው። ትልልቅ መርከቦች ኤአይኤስ የሚባል መሣሪያ ይዘው ይሄዳሉ። መሣሪያው ስማቸውን፣ ቦታቸውን፣ ፍጥነታቸውን ያስተላልፋል። ካርታው ሲታይ ያምራል፤ የብርሃን ጅረት ነው የሚመስለው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሣሪያውን የመያዝ ግዴታ ያለባቸው ግን 300 ቶን እና ከዚያ በላይ ሆነው ከአገር አገር የሚሄዱ መርከቦች፣ የመንገደኛ መርከቦችና የመሳሰሉት ናቸው። ስድስት ሜትር ጀልባ ይዞ ሌሊት የሚወጣ አጥማጅ በዚያ ካርታ ላይ የለም። የሚያጠምድበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጥቁር ማለት ደግሞ ባዶ ማለት ይመስላል። ባዶ ከሆነ ለተርባይን ይሁን፣ ለዓሣ እርባታ ይሁን፣ ለጥብቅ ክልል ይሁን ይባላል። አጥማጁ ዜናውን የሚሰማው ቦታው ከተሰጠ በኋላ ነው።

በአማርኛ ካርታ የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንዳለው ታውቃላችሁ። አንዱ መልክዓ ምድር ማሳያ ነው። ሌላው የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ ካርታ አለህ ወይ ሲባል ስዕሉን ማለት አይደለም። ባሕር ላይ ሁለቱ በፍጥነት አንድ ይሆናሉ። ዛሬ ለማሳያ የተሳለ ቀለም፣ ነገ ፈቃድ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ባለንብረት ይፈጠርበታል። ከዚያ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ቻይና ይህን ፊት ለፊት ነው የያዘችው። በ2001 የወጣውና በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር አጠቃቀም ሕጓ ሦስት ነገር አቆመ። ባሕሩ የመንግሥት ነው፤ ማንም ሲጠቀም በድልድሉ መሠረት ይሁን፤ ለሚጠቀምበትም ይክፈል። በሊዝ እንደማለት ነው። ጊዜውም ተቆርጧል። ለዓሣ እርባታ እስከ 15 ዓመት፣ ለቱሪዝምና ለመዝናኛ 25፣ ለጨውና ለማዕድን 30፣ ለወደብና ለመርከብ ግንባታ 50። ሕጉ ሁሉን ነገር አላዳነም። ለዓመታት ባሕር በአፈር እየተሞላ መሬት ሲሠራ ቆይቷል፤ በ2018 ነው መንግሥት ጠበቅ ያለ እገዳ የጣለው። እንደኔ ዋጋው ብቻውን ልጓም አልሆነም። ለተሞላው ባሕር የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚወጣው መሬት ከሚያስገኘው ጋር ሲተያይ ትንሽ ከሆነ፣ ክፍያው እንደ መግቢያ ትኬት ነው የሚቆጠረው። ከፍለህ ታጠፋለህ።

ይህ ወደ ማንግሮቭ ይወስደኛል። ማንግሮቭ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። ሥሩ መሐል የዓሣ ጫጩት ያድጋል፣ ማዕበል ይሰበራል፣ ጭቃው ውስጥ ካርቦን ይቀበራል። ሰው ይቆርጠውና የሽሪምፕ ኩሬ ያደርገዋል። ኩሬው በዓመት ይህን ያህል ገንዘብ ያስገባል፤ ቁጥሩ በግልጽ አለ፣ ደረሰኝ አለው። ዛፉ ደረሰኝ የለውም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙ ኩሬዎች በበሽታና አፈሩ ኮምጣጣ በመሆኑ ይተዋሉ። ያኔ ሽሪምፑም የለም፣ ዛፉም የለም። መዝገብ ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስንት ሄክታር ማንግሮቭ ነበረ፣ ስንቱ ቀረ፣ የቀረውስ ጤናው እንዴት ነው የሚል ይጻፍ ነበር። ስፋትና ጤንነት። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁሉን ነገር በገንዘብ መተመን ያስጠላኛል የሚል ሰው አውቃለሁ። እኔም አንዳንዴ ነኝ። ከአላስካው አደጋ በኋላ ኢኮኖሚስቶች፣ ዳግመኛ እንዲህ ዓይነት አደጋ እንዳይደርስ ቤተሰባችሁ ስንት ይከፍላል ብለው የአሜሪካ ቤተሰቦችን ጠየቁ። መልሱ ተደምሮ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መጣ። አብዛኞቹ ያንን ባሕር አይተውት አያውቁም። ቁጥሩ ብዙ አጨቃጨቀ። ዘዴውን እንዲመረምር የተቋቋመውን ቡድን የመሩት ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎ፣ ሁለቱም የኖቤል ተሸላሚዎች ናቸው። በጥንቃቄ ከተሠራ ለፍርድ ቤት መነሻ ይሆናል አሉ። የእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ በቶን፣ በሄክታር፣ በራስ ቁጥር እንቁጠር። እሱ ሳይኖር የሚመጣ የገንዘብ ቁጥር ያለ መሠረት የቆመ ፎቅ ነው።

ካርታውና መዝገቡ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሚያሳየኝ የአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የኮራል ዐለት ሰንሰለት። ጥብቅ ክልሉ 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እስከ 2004 ድረስ ማጥመድ ሙሉ በሙሉ የተከለከለበት ቦታ ከ5 በመቶ በታች ነበር። ባለሙያዎቹ እንደገና ሲደለድሉ መጀመሪያ ያደረጉት፣ ውኃ ውስጥ ያለውን ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ መለየት ነበር። ኮራል ያለበት 30፣ ኮራል የሌለበት 40፣ በድምሩ 70 ዓይነት አካባቢ አገኙ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 20 በመቶ ይጠበቅ አሉ። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ቱሪስት የሚወደው ውብ ኮራል ብቻ ይጠበቅና፣ ጭቃውና የባሕር ሣሩ ይረሳ ነበር። ከሕዝብ ከ31 ሺህ በላይ አስተያየት መጣ። በመጨረሻ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው፣ ማለትም የማይጠመድበት፣ አንድ ሦስተኛ ሆነ።

እዚህም ቢሆን የጎደለ መስመር ነበር። ማን ስንት ያጣል የሚለው። ለተጎዱ አጥማጆችና ለተያያዙ ንግዶች የተከፈለው ማካካሻ፣ መጀመሪያ ከታሰበው እያደገ እያደገ ሄዶ ከ200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ደረሰ። ያ ገንዘብ ባክኗል አልልም። ግን አስቀድሞ ሒሳብ ውስጥ ያልገባ ወጪ ኋላ ሲመጣ፣ የሚቀጥለውን ድልድል ለማውጣት የሚደፍር ባለሥልጣን ይጠፋል።

በሌላ በኩል ማንም ያልጠበቀው ገቢም ተገኘ። ኬፐል በሚባሉ ደሴቶች አካባቢ ተመራማሪዎች ከዓሣዎች ዘረመል ወሰዱ፤ የጫጩቶቹንም፣ የወላጆቹንም። የአባትነት ምርመራ በሉት። ከዚያ የትኛው ጫጩት ከየት እንደመጣ ተከታተሉ። የተከለከሉት ቦታዎች ከአካባቢው ኮራል 28 በመቶ ብቻ ናቸው። በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ካደጉት ጫጩቶች ግማሽ የሚያህሉት ግን በተከለከሉት ቦታዎች የሚኖሩት ዓሣዎች ልጆች ናቸው፤ ማጥመድ የሚፈቀድበት ቦታ ላይ ያደጉት ጭምር። አጥማጁ መረቡን የሚጥለው ከመስመሩ ውጭ ነው፤ የሚያወጣው ዓሣ እናት ከመስመሩ ውስጥ ናት። ይህ በመዝገብ ሲጻፍ የተከለከለው ቦታ ወለድ የሚከፍል ተቀማጭ ሆኖ ይቀመጣል። ካርታው ላይ ብቻ ሲታይ ግን የተወሰደብን ቦታ ነው።

ስለ ኪራዩም አንድ ነገር ልበልና ወደ ማብቂያው። ያ ከምናባዊው ሰላጤያችን የተረፈው 60,000 ማን ኪስ ይገባል? በፓስፊክ ውቅያኖስ ስምንት አገሮች፣ ኪሪባቲን፣ ቱቫሉንና ናውሩን ጨምሮ፣ በባሕራቸው ቱና ዓሣ ይጠመድ ነበር። የሩቅ አገር መርከቦች ከእያንዳንዱ ጋር ለየብቻ እየተደራደሩ ርካሽ ፈቃድ ይገዛሉ። ከ2007 ጀምሮ አገሮቹ አንድ ላይ ሆነው የማጥመጃ ቀን መቁጠርና መሸጥ ጀመሩ። በዓመት ይህን ያህል ቀን ብቻ አለ፣ የቀኑ ዋጋ ይህ ነው። በ2010 ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ገቢያቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 500 ሚሊዮን ተጠጋ። ዓሣው ያው ዓሣ ነው። ኖርዌይ ደግሞ የሚያልቅ ሀብት ነበር የገጠማት። ከባሕር ወለል ሥር ነዳጅ ሲወጣ ዋናው እየቀነሰ እንደሆነ ቀድማ ገባት። በ1990 ፈንድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች፣ በ1996 የመጀመሪያውን ገንዘብ አስገባች። ዛሬ በጀቷ ከፈንዱ የሚወስደው በአማካይ 3 በመቶ ያህል እንዲሆን ደንብ አላት፤ ከረጅም ጊዜ ትርፉ እንዳያልፍ። ነዳጁን ወደ ሌላ ዋና ለወጠችው። ኖርዌይ የተፈጥሮ ሀብት መዝገብ መያዝ የጀመረችው በ1970ዎቹ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ኮዱን ቃል ገብቼ ነበር።

በ1992 ሲዘጋ ሚኒስትሩ ሁለት ዓመት ነው ብለው ነበር። ሁለት ዓመቱ አለፈ። አምስት አለፈ። ወጣቶቹ ከመንደሮቹ ሥራ ፍለጋ ወጡ። አንዳንዱ አጥማጅ ወደ ሸርጣንና ወደ ሽሪምፕ ዞረ፤ እነሱን የሚበላው ኮድ ስለሌለ በዝተው ነበር። ዓሣው በጥቂት በጥቂቱ እየተመለሰ፣ ባለሙያዎቹም በራሳቸው መርከብና በራሳቸው መረብ እየቆጠሩ ቆዩ። እገዳው የተነሳው በ2024 ነው፤ ከ32 ዓመት በኋላ። ለዚያ ዓመት እንዲጠመድ የተፈቀደው 18 ሺህ ቶን ነበር።